የንቦቹ መንገድ

«ዓይንሽን ተይውና እግርሽን እመኚ» አለ ጀብሪል ከታች። «ቀኝ እግርሽን ዝቅ አድርጊ። ገና ነው። ትንሽ ጨምሪ። አዎ፣ እሱ ነው፤ ርገጪው።»

ሐረግ ደረቷን ከአለቱ ጋር አጣብቃ፣ መጫኛውን በሁለት እጇ ጨብጣ፣ ቀኝ እግሯን ባዶ አየር ላይ ታወዛውዛለች። የእግሯ ጣቶች አንድ ጉድጓድ ነኩ። ጥንት በመሮ የተፈለፈለ፣ አንድ እግር ብቻ የሚይዝ መርገጫ ነው። ከዚያ በታች ያለውን ላለማየት ብትታገልም አየችው። ገደሉ ወርዶ ወርዶ ቡናማ ጭጋግ ውስጥ ይጠፋል። ከፍርሃቷ ግን ደስታዋ ይበልጣል። በዐሥራ አራት ዓመት ዕድሜዋ እንዲህ ደስ ብሏት አያውቅም።

«ፈራሽ እንዴ?»

«የምትንቀጠቀጠው አንተ ነህ። መጫኛው እየተወዛወዘ አስቸገረኝ እኮ።»

ጀብሪል ሳቀ። እሱ ቀድሟት ወርዶ ጠባብ የድንጋይ እርከን ላይ ቆሟል። ሁለቱም መካነ ሰላም ሰባተኛ ክፍል ናቸው፤ ዴስካቸው ፊትና ኋላ ነው፤ ሳይጣሉ የዋሉበት ቀን ጥቂት ነው። ዛሬ ጎህ ሳይቀድ ከከተማ ሲወጡ ሐረግ ለእናቷ «ማገዶ ለቀማ እሄዳለሁ» ብላለች። እሱ ምን ብሎ እንደወጣ አልጠየቀችውም።

ነገሩ የጀመረው በጂኦግራፊ ክፍለ ጊዜ ነበር። መምህሩ የዓለምን በረሃዎች በቃል ሲያስጠኑ፣ ሰሃራ፣ ካላሃሪ፣ ጎቢ ሲሉ፣ ሐረግ እጇን አውጥታ «የኛስ በረሃ?» አለች። ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ካለው ኮረብታ ቁልቁል ላየ ሰው የአባይ በረሃ እዚያው ነው፤ በጠዋት ሰማያዊ፣ በቀትር ቡናማ ሆኖ ይታያል። መምህሩ «እሱ ቆላ ነው፤ ትኩሳትና ወባ እንጂ ምን አለው ብለሽ ነው?» ብለው አለፉት። ሐረግ ግን አላለፈችውም። በየቀኑ ከላይ ሆና የምታየውን አገር አንድም ቀን ረግጣው አለማወቋ ይከነክናት ጀመር።

በእረፍት ሰዓት ጀብሪል «እኔ በአንድ ቀን ወርጄ እመለሳለሁ» አለ። በበቅሎው መንገድ ዞሮ ለመውረድ ብቻ ሁለት ቀን እንደሚፈጅ ሕፃን ልጅ እንኳ ያውቃል። «ጉረኛ» አለችው፣ ያውም ሰው ፊት። ጀብሪልን ሰው ፊት ጉረኛ ከሚሉት በጥፊ ቢያጮሉት ይሻለዋል። ትናንት ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ጥግ አስይዞ «አማና በይ» ያላት ለዚህ ነው።

አማና በነሱ አገር የሙስሊሙም የክርስቲያኑም ነው። ዕቃ ሲያስቀምጡ፣ ልጅ ሲያስጠብቁ፣ ምስጢር ሲያካፍሉ «አማና» ይባላል። አማና የበላ ሰው ከጎረቤቱ እሳት እንኳ አይጫርለትም።

«ለማንም አልናገርም ነው?» አለችው።

«ለማንም። ለእናትሽም፣ ለንስሐ አባትሽም።»

ሐረግ ያየችውን ሳታወራ ካደረች እንቅልፍ የማይወስዳት ልጅ ናት። ይህን እሷም ታውቃለች። ቢሆንም «አማና» አለች። በረሃውን ለማየት ከዚህ የከበደም ቃል ቢያስገባት ትገባ ነበር።

እርከኑ ላይ ፊታቸውን ወደ አለቱ አዙረው፣ እግራቸውን እየጎተቱ በጎን ሄዱ። ከጎናቸው ጭላዳዎች የሣር ሥር ይቆፍራሉ። አንዱ ወንድ ጭላዳ ከንፈሩን ገልብጦ ጥርሱን አሳያቸው፤ ሐረግም የራሷን ከንፈር ገልብጣ መለሰችለት። ጀብሪል በሳቅ ከእርከኑ ሊወድቅ ምንም አልቀረውም። ከዚያ አለቱ ወደ ውስጥ ታጠፈና ዋሻ ሆነ።

«ስሚ» አለ ጀብሪል፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ሰማች። አለቱ ራሱ ያንጎራጉራል። ከዋሻው ጣሪያ ላይ ሰፋፊ የማር እንጀራዎች ተንጠልጥለዋል። ብዙዎቹ ደርቀው ጠቁረዋል፤ ንብ የሰፈረባቸው ጥቂቶቹ ላይ ብቻ ነው። ዝናብ ከጠፋ ጀምሮ አበባ የለምና ንቡም ቀንሷል። ቢሆንም የሰሙ ሽታ አፍንጫዋ ውስጥ ሲገባ ሐረግ ደጋግማ ሳበችው።

«የአባባ ነው» አለ ጀብሪል። ወንድ አያቱን አያ ሙሄን ማለቱ ነው። «መርገጫውን የፈለፈለው የሳቸው አያት ነው። መንገዱ በአንድ ትውልድ ለአንድ ሰው ብቻ ነው የሚነገረው። ለአባቴ እንኳ አላሳዩትም፤ ከልጅ ልጆቻቸው ሁሉ እኔን መረጡ።»

«ታዲያ ለምን አሳየኸኝ?»

«ጉረኛ አልሽኛ» አለ።

ከዋሻው በታች መንገዱ ቀለለ። ክረምት ላይ ፏፏቴ የሚወርድበት ለስላሳ ድንጋይ ደርቆ ቆሟል። ጀብሪል ተቀመጠበትና ቁልቁል ተንሸራተተ። ሐረግ ቀሚሷን ሰብስባ ተከተለችው፤ እስከ ታች ድረስ እየጮኸች ወረደች። የቀሚሷ ጀርባ ተቀደደ። ለእናቷ ስለ ቀዳዳው የምትነግራትን ውሸት ኋላ ታስብበታለች። አንዲት ሰስ ከድንጋይ ድንጋይ እየዘለለች አልፋቸው ሄደች። አየሩ እየሞቀ፣ ዛፉ እየተለወጠ መጣ። ሐረግ ሹራቧን አውልቃ ወገቧ ላይ አሰረችው። ከላይ ቡናማ ብቻ ይመስል የነበረው አገር ቀይ አለት፣ ነጭ አሸዋ፣ ቅጠል የሌለው ግራርና አረንጓዴ ቁርቁራ ሆኖ ተገለጠ። ፀሐይዋ ገና አናት ላይ አልደረሰችም፤ እነሱ ግን በረሃው ውስጥ ነበሩ። ከጀብሪል በላይ ጉራ መንዛት አማራት፤ ግን ለማን?

ወንዙ አሸዋ ብቻ ነበር። አሸዋው መሐል አንዲት ሴት እስከ ወገቧ ጉድጓድ ውስጥ ገብታ በቅል ትዝቃለች። ቀና ስትል የአንገቷ አጥንት ከሩቅ ይቆጠራል።

«አማን ናችሁ ልጆች?»

«አማን፣ አልሐምዱ ሊላህ» አለ ጀብሪል።

«ኑ ጠጡ። ደፍርሷል፣ ግን ቀዝቃዛ ነው።»

ወርቂቱ ትባላለች። መንደሯ ሾላ በር ወንዙ ዳር ነው፤ ከጎጆዎቹ ከአንዱም ጭስ አይወጣም። ዛፍ ጥላ ስር የተኙ ሰዎች ይታያሉ። ከዚያ አንድ ሕፃን አለቀሰ፤ ለቅሶው ቶሎ ደከመና ቆመ። ሐረግ ከተማ ውስጥ የተራቡ ሰዎች አይታለች፤ ዓመቱን ሙሉ አይታለች። እነሱ ግን ከበረሃው መውጣት የቻሉት እንደሆኑ እስከዛሬ አላሰበችም ነበር።

«ባለቤቴ እህል ፍለጋ በበቅሎው መንገድ ወጥቷል» አለች ወርቂቱ። «ከተማ እህል ገብቷል ይባላል። እኛማ በምን እግራችን? ልጆቹ ሁለት ቀን አይሄዱ፣ እኔ ተሸክሜ አልችል። እናንተስ በየት ወረዳችሁ?»

ሐረግ አፏን ከፈተች። ጀብሪል ቀደማት።

«በበቅሎው መንገድ። ትናንት ነው የተነሳነው።»

ወርቂቱ ወደ ሐረግ ዞረች። «እንዲህ ትንሽ ሆነሽ? እውነት ሁለት ቀን ተጓዝሽ ልጄ?»

ከአንገቷ በታች ያለው ሁሉ እምቢ ይላል፤ ራሷ ግን ተነቀነቀ። አማና ብላለቻ።

«አብሽሩ፣ አይዟችሁ። እዚህ ተቀመጡ» አለች ወርቂቱ። ከመቀነቷ ጫፍ ቋጠሮ ፈታች። ለልጆቿ የለቀመችው የቁርቁራ ፍሬ ነው። በሁለት ተካፍሎ መዳፋቸው ላይ ተቀመጠ። «ብሉ። ሌላ ሁለት ቀን ዳገት ይጠብቃችኋል።»

ሐረግ ኪሷ ውስጥ ያለውን የገብስ ቆሎ ሁሉ በጨርቁ አውጥታ ዘረጋችላት። ወርቂቱ አየችው። አንዴ ምራቋን ዋጠች። ከዚያ ጨርቁን መልሳ ቋጠረችና የሐረግ ኪስ ውስጥ ከተተችው።

«የመንገደኛ ስንቅ አይበላም፤ በኛ ደንብ ነውር ነው። ሁለት ቀን እየቀራችሁ?»

«እኛ አንፈልገውም» አለች ሐረግ። «ወላሂ፣ አንፈልገውም።»

«እሽ በይ ልጄ። መንገድ ላይ ትፈልጊዋለሽ።»

ከዚያ በኋላ ሐረግ ውኃውንም አልጠጣችም። ደረቁ ፏፏቴ ጋ ሲደርሱ የያዘችው ሁሉ አንድ ላይ ወጣ።

«የልጆቿን ምግብ በላን! ለምን? በዋሸኸው ውሸት። ቆሎውን እንኳ እንዳልሰጣት አደረግኸኝ። አመሻሽ ላይ እቤታችን እንደምንገባ ብታውቅ ትቀበለኝ ነበር።»

«ምን ልበላት? በአያቴ ገደል ነው የመጣነው ልበላት?»

«አዎ።»

«ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ዛሬ ለሷ፣ ነገ ለአገሩ ሁሉ። ዝም አይነቅዝም ሐረግ። አማና ብለሻል።»

«ብያለሁ» አለች። ዳገቱን ወጡ። አፋፉ ላይ ሲደርሱ ፀሐይዋ በረሃውን ከዳር እዳር ወርቅ አልብሳው ነበር። እንዲህ ያለ ነገር አይታ አታውቅም፤ በእጇ ግን የቆሎውን ቋጠሮ ይዛ፣ የዛፉን ጥላ ፍለጋ ቁልቁል ታያለች። ከርቀቱ የተነሳ አልታያት አለ።

ሰኞ ጠዋት ከባንዲራ ሥነ ሥርዓት በኋላ ዘማቹ ክንፈ ሰልፉ ፊት ቆመ። ክንፈ ከአዲስ አበባ የዘመተ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው፤ ካኪ ልብሱ በአቧራ ነጥቷል፣ ድምፁ ሁልጊዜ ጎርናና ነው። ዘማቾቹ ከመጡ ጀምሮ ከተማው ሌላ ሆኗል፤ ስብሰባ ነው፣ መዝሙር ነው፣ መሬት ላራሹ ነው። ልጆቹ ሲያዩት ጫጫታቸውን ያቆማሉ።

«መጋዘኑ ውስጥ ዱቄት አለ» አለ። «በረሃው ውስጥ ደግሞ መውጣት ያቃታቸው ሰዎች አሉ። መጫን የሚችል በቅሎ አልቋል። ነገ ጠዋት እኛው ተሸክመን በበቅሎው መንገድ እንወርዳለን። ሁለት ቀን ነው፤ ከተሸከምነው ግማሹን እኛው እየበላነው እንደርሳለን። ቀላል አይደለም። ከናንተ ውስጥ ቤተሰቡ አቋራጭ የሚያውቅ አለ? ፍየል የሚወርድበት፣ ዝንጀሮ የሚወርድበት፣ ምንም ይሁን።»

የሐረግ ቀኝ እጅ ራሱን ችሎ ሊነሳ ነበር፤ በግራዋ ያዘችው። ምላሷ ላይ ሁሉም ነገር ተደርድሯል፦ መጫኛው፣ መርገጫው፣ እርከኑ፣ ፏፏቴው። አንድ ቃል ብትናገር የትምህርት ቤቱ ዓይን በሙሉ ወደ እሷ ይዞራል። «የኛስ በረሃ?» ብላ የተሳቀባት ልጅ መንገድ ያገኘችው ልጅ ትሆናለች። ፊት ለፊቷ የቆመውን የጀብሪልን ማጅራት አየች። ላብ ወርዶበታል። ዞር አላለም።

«የለም?» አለ ክንፈ። «እሺ። ካሰባችሁበት ድንኳናችን ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ነው።»

ማታ ከትምህርት ቤት ሲለቀቁ እግሯ ወደዚያ ድንኳን ወሰዳት። የድንኳኑን ገመድ እስክታይ ሄደች። እዚያ ስትደርስ ግን ቆመች፤ ዞራም ጀብሪልን በሩጫ ተከተለችው። ገበያው ጋ ደረሰችበት።

«ለክንፈ አልነገርኩትም» አለችው፣ እያለከለከች። «አልነግረውምም። አያትህ ጋ ነው የምሄደው።»

ጀብሪል ደንግጦ ቆመ። «አማና ብለሻል።»

«አማና ለሌላ አይሰጥም እንጂ ለባለቤቱ አይመለስም ያለ ማን ነው? መንገዱ የሳቸው ነው። የሳቸውን ለሳቸው ልመልስ ነው።»

«አንች አታውቂያቸውም። አይመቱኝም እኮ። አይቆጡኝም። ዝም ነው የሚሉኝ። አጎቴን ዝም ካሉት ስንት ዓመታቸው።» ዓይኑ ውኃ ሞላ፤ በእጅጌው ጠረገው። «ከሁሉም እኔን ነበር የመረጡት።»

ሐረግ አዘነችለት፣ ከልቧ አዘነችለት። ቢሆንም ወደ አያ ሙሄ ቤት የሚወስደውን መንገድ ይዛ ሄደች። እሱ እዚያው ቆሞ ቀረ።

አያ ሙሄ ደጃፋቸው ላይ ለበቅሏቸው ውኃ ይቀዳሉ። ረጅም፣ ቀጭን ሽማግሌ ናቸው፤ ጺማቸው በሂና ቀልቷል። በቅሎዋም እንደሳቸው ቀጥናለች።

«ሐረግ ነሽ? አማን ዋልሽ ልጄ? ጀብሪል ገና አልገባም።»

«እርስዎን ፈልጌ ነው አያ ሙሄ። አማና ይዣለሁ፤ የእርስዎ ነው። ልመልስልዎ ነው የመጣሁት።»

ቀና ብለው አዩዋት። ሐረግ ቀጠለች።

«ገደሉን ወርጄበታለሁ። ዋሻውንም አይቻለሁ። እርስዎ ካልፈቀዱ ለማንም አልናገርም።»

አያ ሙሄ ባልዲውን መሬት ላይ አስቀመጡት። «ማን አሳየሽ?»

«እሱን አልነግርዎትም። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

ረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ሐረግ ጀብሪል ምን እንደሚፈራ ገባት። ዝምታቸው ከቁጣ ይከብዳል።

«ንቦቹ እንዴት ናቸው?» አሉ በመጨረሻ።

«ጥቂት ናቸው።»

«ሰውስ? ታች ያለው ሰው?»

ነገረቻቸው። ስለ ጉድጓዱ፣ ስለ ሕፃኑ፣ ስለ ቁርቁራው ነገረቻቸው። ሁለት ቀን ተጓዝን እንዳሏትና በዚያ ምክንያት ወርቂቱ ቆሎውን መልሳ የሐረግ ኪስ ውስጥ እንደከተተችው ነገረቻቸው። ዘማቾቹ ነገ ጠዋት በረጅሙ መንገድ ሊሄዱ እንደሆነም ተናገረች። የቆሎው ነገር ላይ ስትደርስ አያ ሙሄ ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር።

«ምራቋን ዋጠች አልሽኝ?»

«አዎ።»

«ከዚያ መለሰችልሽ።»

«አዎ አያ ሙሄ።»

ከአጥሩ በኩል ኮሽታ ተሰማ። ጀብሪል ነው፤ ደብተሩን ደረቱ ላይ አጣብቆ ቆሟል። ሮጦ የመጣ ሰው ትንፋሽ ይተነፍሳል።

«እኔ ነኝ ያሳየኋት፣ አባባ» አለ። «ለሴትዮዋ የዋሸሁትም እኔ ነኝ። ሐረግ አልፈለገችም ነበር።»

አያ ሙሄ ለረጅም ጊዜ አዩት። ሽማግሌው ጎንበስ ብለው ጫማቸውን ፈለጉ፤ አገኙት፤ አንዱን እግራቸውን አስገቡ፤ ከዚያ ሌላውን።

«ያ ዘማች ልጅ የት ነው የሚያድረው?» ብለው ጠየቁ። የጠየቁት ጀብሪልን ነው።

«ከትምህርት ቤቱ ጀርባ። ድንኳን ውስጥ።»

«ምራኝ። የምትነግረው ግን አንተ ነህ። ነገም ከፊት የምትወርደው አንተ ነህ።» ወደ ሐረግ ዞሩ። «ነይ እንጂ፣ አንችም ያየሽውን ትናገሪያለሽ።»

ሐረግ አንድ እርምጃ ተራመደች። የክንፈ ፊት ሲበራ ታያት። ዘማቾቹ ከድንኳን ድንኳን ሲጠራሩ፣ የዱቄቱ ከረጢት በፋኖስ ሲከፋፈል፣ «ማን አገኘው?» ሲባል ታያት። ይህን ሁሉ መናገር ያማራት ከቅዳሜ ጀምሮ ነው። ከዚያ ጀብሪልን አየችው። አያቱ አጠገብ ቆሟል፤ ሽማግሌው እጃቸውን ትከሻው ላይ ጣል አድርገዋል፤ እሱ ግን እጁ መኖሩን ገና ያመነ አይመስልም። ከዚህ እስከ ድንኳኑ ያለው መንገድ ለሁለት ሰው የሚበቃ ነው።

«እናንተ ሂዱ» አለች። «እኔ በቅሎዋን አጠጣለሁ።»

ባልዲውን አነሳች። ሁለቱ በአጥሩ በር ወጥተው በቀዩ አቧራ መንገድ ሲወርዱ አያ ሙሄ አንድ ነገር አሉ፤ ጀብሪልም መለሰ። ሐረግ ያሉትን አልሰማችም። በቅሎዋ አንገቷን ዘርግታ መጠጣት ጀመረች።